አሮጌ ላንድክሩዘር ላይ ገንዘቡ መጀመሪያ የት ይግባ? የአንዷ ሃርድቶፕ ጉዳይ

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1994 የተሠራች ነጭ ላንድክሩዘር ናት። ሃርድቶፕ የምንላት ረጅሟ፣ ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ የቆመችው፣ የሞዴል ስሟ ኤችዜድጄ 75። ጓደኛዬ ከአንድ የእርዳታ ድርጅት ጨረታ ላይ ነው ያነሳት። ሥራው ቱሪስት ማዞር ነው፤ በተለይ ወፍና ቀይ ቀበሮ ለማየት የሚመጡትን ይዞ ባሌ ይወጣል። የኪሎሜትር ቆጣሪዋ የሚለውን እርሱት፣ እንደዚህ ዓይነት መኪና ላይ ቆጣሪው ወይ ቆሞ ከርሟል ወይ ተቀይሯል። ሻንሲዋን ከሥር ገብታችሁ በመዶሻ ስታንኳኩት ግን ጥሩ ድምፅ ይሰጣል፣ ከኋላኛው መስቀለኛ ብረት በስተቀር። እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

ጓደኛዬ ገና ሊብሬውን በስሙ ሳያዞር ስልኩ በአውስትራሊያ መኪኖች ፎቶ ተሞልቶ ነበር። አራት ኢንች ከፍ ያለች፣ 35 ኢንች ጎማ የለበሰች፣ ስኖርክል (አየር ከጣሪያ ከፍታ የሚስብ ቱቦ) ያወጣች፣ ዊንች የተገጠመላት፣ ጣሪያዋ ላይ ድንኳን የተጫነባት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቱርቦ፣ አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባው። ምኞቱን አልነቅፍም፣ እኔም እነዚያን ፎቶዎች አይቼ ምራቄን የዋጥኩ ሰው ነኝ። ገንዘቡ ግን ለሁሉም አይበቃም። ስለዚህ ምን ይቅደም የሚለው ላይ መጨቃጨቅ ነበረብን፣ ተጨቃጨቅንም።

ለምን አዲስ አይገዛም የሚል ካለ፦ መንግሥት ጥር 2016 ላይ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። ከዚያ በፊትም የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን የማይቀመስ አድርጎታል። አገር ውስጥ ያለች ጤነኛ ሃርድቶፕ በዋጋ አትቀልድም። ያለችውን ማቆየት ነው።

የመኪናዋ ትልቁ ችግር መሪዋ ነበር። ሰባ አካባቢ ትደርስና አንዷ የፊት ጎማ ጉድጓድ ስትነካ መሪው ከእጅ ሊያመልጥ ይንቀጠቀጣል። ትንሽ መንቀጥቀጥ እንዳይመስላችሁ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ይወርዳል፣ ፍሬን ይዛችሁ አርባ እስክትገቡ ድረስም አይለቃችሁም። ጎማ ባላንስ ተደረገ። አላይመንት ተሠራ። የመሪው ቴስቲናዎች (የመሪውን ዘንጎች የሚያገናኙት መገጣጠሚያዎች) ተቀየሩ። የመሪው ሾክ አብዞርበርም አዲስ ተገዛ፤ እሱ ለጥቂት ጊዜ ነገሩን ደበቀው እንጂ አላዳነውም። ከአንድ ጋራዥ ወደ ሌላው ሲዞር ያወጣው ገንዘብ ቢደመር ሥራውን ከነመለዋወጫው ይሸፍን ነበር።

በመጨረሻ ወደ አንድ አዛውንት መካኒክ ወሰድናት። ሰውየው ዕድሜያቸውን ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር ሲፈቱ የኖሩ ናቸው፣ ብዙ አይናገሩም። ጓደኛዬ ስልኩን አውጥቶ ፎቶዎቹን አሳያቸው። ጋሼ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አንድ በአንድ አዩለት። ከዚያ፦

«ልጄ፣ ይቺ መኪና የታመመችው እግሯን ነው፤ አንተ ባርኔጣ ልትገዛላት ነው?»

«አይ ጋሼ፣ እሱንም ያዩልኝ ብዬ እኮ ነው ያመጣኋት» አለ፣ ትንሽ አፍሮ።

መኪናዋን ከፊት በክሪክ አነሷትና አንዱን ጎማ ከላይና ከታች ይዘው ወዘወዙት። ይጫወታል። «ግባና ፍሬን ርገጥ» አሉት። ፍሬን ተረግጦም ጎማው እንደዚያው ይጫወታል። በቃ፣ ምርመራው ይሄው ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፍሬን ስትረግጡ ዲስኩ ይያዛል፣ ስለዚህ ጭዋታው ከጎማው ኩሽኔታ ቢሆን ኖሮ ይጠፋ ወይም ይቀንስ ነበር። ፍሬን ተይዞም ካልጠፋ ችግሩ ከዚያ ወደ ውስጥ ነው፤ ጎማው ወደ ግራና ቀኝ ሲታጠፍ የሚዞርባቸው ከላይና ከታች ያሉት ሁለት ትናንሽ ኩሽኔታዎች ላይ። ይሄን ሙከራ ለማድረግ ክሪክና ፍሬን የሚረግጥ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ያ ሁሉ አላይመንት ሲሠራ ማንም አላደረገውም።

ሲፈታ የታየውን ልንገራችሁ። በእነዚህ ላንድክሩዘሮች ፊት ላይ፣ ከጎማው ጀርባ፣ የሕፃን ጭንቅላት የሚያክል ክብ ብረት አለ። ውስጡ ቢርፊልድ የሚባለው መገጣጠሚያ ተቀምጧል፤ ጎማው ታጥፎም ኃይል የሚያስተላልፈው እሱ ነው። ክፍሉ በወፍራም ጥቁር ግራሶ መሞላት አለበት። የዲፈረንሻሉ ዘይት ደግሞ በሌላ በኩል ነው፤ ሁለቱን የሚለያያቸው አንድ ፓራኦሊዮ፣ ዘይት እንዳያልፍ የሚያግድ የጎማ ቀለበት፣ ብቻ ነው። ያ ቀለበት ሲደክም ዘይቱ ወደ ግራሶው ይገባል። የኛው ክፍል ሲከፈት ግራሶ የሚባል ነገር አልነበረም። ቀጭን፣ ግራጫ፣ የሚገማ ፈሳሽ ገንዳው ላይ ተደፋ። ኩሽኔታዎቹ ታጥበው ሲታዩ ሮለሮቹ በተኙበት መስመር ብረቱ ላይ ጉድጓድ ጉድጓድ አውጥተዋል። ጣታችሁን ስታስኬዱበት ይሰማችኋል። መሪው ቀጥ ሲል እዚያች ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ መንገዱ ሲመታው ይወጣል፣ ተመልሶ ይገባል። መንቀጥቀጡ ከዚያ ነው።

ዕቃው ከዱባይ መጣ። ጓደኛዬ እዚያ የምትሠራ እህት አለችው፤ የጃፓን ኩሽኔታዎቹን፣ ፓራኦሊዮዎቹንና ጓርኒሲዮኖቹን በአንድ ሙሉ ጥቅል ገዝታ አገር ቤት በሚመጣ ሰው ሻንጣ ላከችለት። እዚህም ይገኛል፣ ግን ኦሪጅናል ነው ተብሎ የሚሸጠውን ከፎርጂዱ ለመለየት ዓይን ይጠይቃል፣ እዚህ ቦታ ላይ ደግሞ ፎርጂድ ፓራኦሊዮ ማስገባት ማለት ሁሉንም ነገር በቅርቡ ዳግም መፍታት ማለት ነው።

ሲገጠም ሁለት ነገር ተማርኩ። አንደኛው፣ ጋሼ የግራውን ቢርፊልድ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አቀያየሯቸው። መኪና ብዙውን ጊዜ ወደ ፊት ስለሚሄድ ኳሶቹ የሚበሉት የመንገዳቸውን አንዱን ጎን ነው፤ ቦታ ሲቀያየሩ ያልተበላው ጎን ተራውን ይሠራል። አዲስ መግዛት ቀረልን። ሁለተኛው ሚዛኑ ነው። እነዚያ ትናንሽ ኩሽኔታዎች ከመጠን በላይ ከላሉ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ከመጠን በላይ ከጠበቁ መሪው ይደርቃል፣ ኩሽኔታውም ቶሎ ይሞታል። ልኩ የሚስተካከለው ከሥራቸው በሚገቡ ቀጫጭን ስፔሶሮች ነው። ጋሼ ቡና ነጋዴ የሚጠቀምበትን የሞላ ሚዛን አመጡ፣ ጎማ ሳይገጠም መሪው በሚያያዝበት ክንድ ጫፍ ላይ አንጠለጠሉትና ቀስ ብለው ሳቡ። መዞር ሲጀምር ስንት ያነባል? መጀመሪያ ምንም አላነበበም ማለት ይቻላል። አንድ ስፔሶር አወጡ። እንደገና ሳቡ። አራት ኪሎ አካባቢ ሲሆን «ይሄ ነው» አሉ። የፋብሪካው ልክ እንደ ሞዴሉ ይለያያል፣ ስለዚህ የራሳችሁን ማንዋል እዩ፤ ዋናው ነገር በግምት የሚሠራ ሥራ አለመሆኑ ነው። ይሄን ሥራ አስተካክሎ ለመጨረስ የሚያስፈልገው መሣሪያ ያ ሚዛን ነው፣ ብዙ ጋራዥ ውስጥ ግን አላየሁትም።

ከዚያ በኋላ መሪዋ ዝም አለ። ሰማንያም ትሂድ፣ ጉድጓድም ትምታ።

አሁን ወደ ቱርቦው። ሞተሯ አንድ ኤችዜድ (1HZ) የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የተሠራ፣ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4,164 ሲሲ፣ ናፍጣ፣ ያለ ቱርቦ። ቀርፋፋ ነው፣ ግን አይሞትም፤ ዘይትና ንጹሕ ናፍጣ ካገኘ ሰው ይቀብራል። የማይሞትበት አንዱ ምክንያት ፋብሪካው ብዙ ስላልጠየቀው ነው። የመጭመቂያ መጠኑ 22.4 ለ 1 ነው፣ በጣም ከፍተኛ። ናፍጣው መጀመሪያ የሚቃጠለው ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ብረት) ላይ ባለች ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው። ፒስተኖቹን ከሥር ዘይት እየረጨ የሚያቀዘቅዝ ነገርም የለውም። ቶዮታ ራሱ ቱርቦ ሲፈልግ ያደረገውን ተመልከቱ፦ አንድ ኤችዲ ቲ የሚባለውን ወንድሙን ሲሠራ መጭመቂያውን ወደ 18.6 አወረደው፣ ናፍጣው ቀጥታ ፒስተኑ ላይ እንዲረጭ አደረገ፣ የዘይት መርጫም ጨመረለት። ሌላ ሞተር ነው በአጭሩ። አንድ ኤችዜድ ላይ ቱርቦ ገጥሞ ለዓመታት የሚነዳ ሰው አለ፣ አልክድም፤ ግን የጭስ ሙቀት መለኪያ አስገብቶ፣ ናፍጣውን በልኩ አስተካክሎ፣ ዳገት ላይ እግሩን የሚያነሳ ሰው ነው። ቱርቦ ገዝቶ እግር ማንሳት ደግሞ ለጓደኛዬ አልተዋጠለትም። ያንን ያላደረገው ሰው ቴስታታው ይሰነጠቃል።

ለቱርቦው የሚቀርብ አንድ ጥሩ ክርክር አለ፣ እሱን ንቄ አላልፈውም። ባሌ ላይ ሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ 4,377። እዚያ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 60 በመቶ ቢሆን ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ያንን ያህል አየር አጥቶ ነው የሚወጣው። ለዚህ ሰው ሥራ፣ ቱርቦ ቅንጦት ብቻ አይደለም።

ግን ሞተሩ ያለውን ኃይል እንኳ እየሰጠ አልነበረም። አዲስ አበባ ውስጥ ሽቅብ ስትወጣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ከኋላ ያለው ሰው መስኮቱን ይዘጋል። የናፍጣ ፖምፑን ወደ ፖምፒስታ (የፖምፕ ባለሙያ) ወሰድነው። የናፍጣ መጠን የሚወስነው ብሎን የፋብሪካ ማሸጊያው ተሰብሮ ከልኩ በላይ ተከፍቷል። «ጉልበት እንዲኖራት» ብሎ የነካካው ሰው መሆን አለበት። አየር በሳሳበት ከፍታ ላይ ተጨማሪ ናፍጣ ጭስና ሙቀት ብቻ ነው የሚሰጠው። ፖምፑ ማሽን ላይ ተስተካከለ፣ ኖዝሎቹ ተቀየሩ፣ የቫልቭ ክፍተት ተለካ። የአየር ማጣሪያዋን አልገልጸውም፣ ታፍራላችሁ። ቱርቦ ሳይገባ ሌላ መኪና ሆነች ብል ማጋነን ይሆናል፣ ግን ሦስተኛ ማርሽ የማትይዘውን ዳገት አሁን ትይዛለች።

እግረ መንገዳችንን ታይሚንግ ቤልቱን ቀየርነው። ይሄ ሞተር ሰንሰለት ወይም ጥርስ ሳይሆን ጎማ ቀበቶ ነው ያለው፣ በየ100,000 ኪሎሜትር መቀየር አለበት። ቆጣሪው የማይታመን ከሆነ የድሮው ባለቤት ቀይሯል የሚለውን ወሬ ተዉትና ቀይሩ። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይገናኛሉ፣ ወጪው የሞተር ነው።

ሙቀቱ ላይ አንድ የአገራችንን በሽታ ሳልናገር አላልፍም። ቴርሞስታቱ ተነቅሎ ተጥሏል። «አገራችን ሞቃት ነው፣ አያስፈልግም» ይባላል። ብዙ የቶዮታ ቴርሞስታቶች ከሥራቸው ሁለተኛ ሳህን አላቸው። ሞተሩ ሲሞቅ ያ ሳህን ውሃው ራዲያተር ሳይደርስ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ቴርሞስታቱን ስትጥሉት አቋራጩ ክፍት ይቀራል፣ ትኩሱ ውሃ ከፊሉ ራዲያተር ሳያይ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ጠዋት ብርድ ላይ ሞተሩ አይሞቅም፣ ዳገት ላይ ደግሞ ይፈላል። አዲስ ቴርሞስታት ገባ፣ ራዲያተሩ ተከፍቶ በዘንግ ተጠረገ፣ በቧንቧ ውሃ ፈንታ ኩላንት ተሞላ።

ከፍ ማድረጉስ? የቀድሞው ባለቤት የባሌስትራውን ማንጠልጠያ በረጅም ቀይሮ ከፊት ከፍ አድርጓት ነበር። ርካሽ ዘዴ ነው፣ ግን የፊቱ አክስል አቀማመጥ ይዞራል፤ መሪው ወደ መሐል መመለሱን ይተዋል፣ መኪናዋም አስፋልት ላይ ትቅበዘበዛለች። እነዚያን አውጥተን የፋብሪካውን መለስን፣ ባሌስትራዎቹን ግን በሙሉ አዲስ አደረግን፣ ከበፊቱ አምስት ሴንቲሜትር ያህል ከፍ የሚያደርግ። አሮጌዎቹ ተኝተው ስለነበር ዓይን ላይ ልዩነቱ ትልቅ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ ትንሽ የፍሬን ቫልቭ አለ። መኪናዋ ስትጫን ዝቅ ትላለች፣ ቫልቩ ያንን ያይና ለኋላ ጎማ ተጨማሪ ፍሬን ይሰጣል። ከፍ ስታደርጓት ቫልቩ ባዶ ነች ብሎ ያስባል፣ የኋላው ፍሬን ይደክማል። ከሳነቴ ወደ ሀረና ጫካ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ይሄን ማወቅ አትፈልጉም። የቫልቩ ዘንግ አክስሉ ላይ የሚያያዝበትን ማሰሪያ በዚያው ልክ ከፍ አድርገን በየድነው።

ጎማው ላይ ጭቅጭቁ ረዘመ። አሁን ያለው 7.50 አር 16 ነው፣ ከመሬት እስከ አናቱ ሰማንያ ሴንቲሜትር ገደማ። 35 ጎማ 89 ሴንቲሜትር ነው፤ አሥር በመቶ ይበልጣል። ያ ማለት ማርሹ ሁሉ በአሥር በመቶ ይረዝማል፣ የዲፈረንሻሏ የጥርስ ምጣኔ ከ4.11 ወደ 3.73 ገደማ እንደወረደ ቁጠሩት። ቱርቦ የሌላት መኪና ላይ፣ 4,000 ሜትር ላይ! የፍጥነት መለኪያውም 80 ሲል እውነቱ 88 ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው፦ 7.50ን ዶሎ መናም ጂንካም የሚጠግንላችሁ ጎሚስታ ታገኛላችሁ። ቸርኬው ባለ ቀለበት ስለሆነ በመዶሻና በብረት ዘንግ ይፈታል፣ ከመነዳሪው ይለጠፋል፣ ሂዱ። አየር ሲሞላ ግን ቸርኬው ላይ ሰንሰለት ይጠምጠምበት፣ እናንተም ራቁ፤ ቀለበቱ ካመለጠ ሰው ይገድላል። 35 ጎማ ሲቀደድባችሁ ማን እንደሚጠግነው ንገሩኝ።

ጓደኛዬ እዚህ ላይ በግማሽ ተሸነፈ፣ በግማሽ አሸነፈ። ቁመቱ ያው የሆነ፣ ጥርሱ የጭቃ የሆነ ጎማ ገዛ። ስኖርክሉንም አስገባ። ወንዝ ለመሻገር ብሎ ቢሆን እከራከረው ነበር፣ ለአቧራ ግን ይጠቅማል፤ ከቦኔቱ ሥር ከሚገባው አየር ላይኛው ይሻላል።

ፖርቶ መጋላው (ጣሪያ ላይ ያለው የዕቃ መጫኛ) ላይ ምንም አልተግባባንም። ሃያ ሊትር ናፍጣ ብቻውን አስራ ሰባት ኪሎ ነው፣ ከነብረት ጀሪካኑ ሃያ ያልፋል። አራት ጀሪካን፣ ሁለት ትርፍ ጎማ፣ የራሱ የብረቱ ክብደት፣ ከዚያ የቱሪስት ሻንጣ። ሁሉም ከጭንቅላት በላይ። እኔ ናፍጣው ሁለተኛ ሳልባትዮ (የነዳጅ ታንከር) አሠርቶ ከሥር ይግባ ብዬ ነበር። እሱ ጀሪካኖቹን ወደ ውስጥ አስገባ፣ ጎማዎቹን ላይ ተወ። ናፍጣ ውስጥ ሲጫን ቱሪስቶቹ ሽታው እንደሚያማርራቸው ነግሬዋለሁ፤ እስካሁን ማንም አላማረረም ይላል፣ ምናልባት ትህትና ነው።

ባሌን ወጣች። በዶዶላና አዳባ አድርጋ፣ ጎባ አድራ፣ ንጋት ላይ ሳነቴ። በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ፣ ጭስ ጥቂት፣ የሙቀት መርፌው ከመሐል አልተነቃነቀም። ቱሉ ዲምቱ አናት ላይ ጠፍታ ስትነሳ ነጭ ጭስ አወጣች፣ ያ ብርዱና የአየሩ መሳሳት ነው። ሀረና ውስጥ ሪራን አልፋ ዝናብ ያዛት፣ ቀይ ጭቃው ላይ ሃቦቹን ቆልፎ (የፊት ጎማዎቹም እንዲጎትቱ) በከባዱ ማርሽ ወጣች። ስትመለስ ፊት ያለውን ክብ ብረት በጨርቅ ጠረግነው፦ እርጥበት አለ፣ ዘይት የለም። እንዲህ ነው መሆን ያለበት፣ ስስ የግራሶ ሽፋን ብቻ።

የቀረው ሥራ አለ። ሁለተኛ ማርሽ ብርድ ላይ ስትገባ ትጮኻለች፤ ካምቢዮው እስኪወርድ ድረስ እየታገሡ መንዳት ነው። ከላይ ያነሳሁት የኋላ መስቀለኛ ብረት ደግሞ ከውስጥ ዝጓል። የኋላ መጎተቻው መንጠቆ የተያዘው እሱ ላይ ስለሆነ ከጭቃ ስትወጣ ማንም በዚያ እንዳይስባት ጓደኛዬ በቀይ ቀለም ምልክት አድርጎበታል። ላሜሪስታው ቆርቆሮ ደርቦ መለጠፍ ፈልጎ ነበር፤ እምቢ ብለን ዝገቱ ተቆርጦ በአዲስ ወፍራም ብረት እንዲተካ ተስማምተናል፣ ክረምቱ ሲገባና ቱሪስቱ ሲቀንስ።